ጋንዳጋይና ደቻቱ፦ ከጎርፍ በኋላ የሚቀር ስም

ከሲድኒ ወደ ሜልበርን በሚወስደው አውራ ጎዳና አጋማሽ ግድም፣ መረምቢጂ በተባለው ወንዝ ዳር፣ ጋንዳጋይ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ 2 ሺህ ገደማ ናቸው፤ አብዛኛው መንገደኛም ነዳጅ ቀድቶ ያልፋታል።

ነጮቹ ሰፋሪዎች የመጀመሪያዋን ከተማ የቆረቆሩት ወንዙ ሲሞላ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ነበር። የአገሩ ባለቤቶች የሆኑት ዊራጁሪዎች ስፍራው ጎርፍ የሚያጠቃው መሆኑን ቢያስጠነቅቁም ሰሚ አላገኙም። እ.ኤ.አ. በጁን 1852 ወንዙ ሌሊት ሞልቶ ከተማዋን ሲውጣት፣ 250 ገደማ ከነበሩት ነዋሪዎች ከ78 እስከ 89 የሚገመቱት አለቁ። ጣሪያና ዛፍ ላይ ወጥተው ሞታቸውን ይጠባበቁ የነበሩትን ያተረፏቸው ምክራቸው ያልተሰማው የአገሬው ሰዎች ናቸው፤ በተለይም ያሪና ጃኪ ጃኪ የተባሉት ሁለቱ፣ ያሪ ከዛፍ ቅርፊት በተሠራች ታንኳ እየተመላለሰ፣ በድምሩ 69 ያህል ነፍስ እንዳዳኑ ይነገራል። ከተማዋ ከዚያ በኋላ ወደ ኮረብታው ተዛወረች።

ለሁለቱ በጊዜው የተሰጣቸው ደረት ላይ የሚንጠለጠል የብረት ሰሌዳ ነበር። ሐውልታቸው በዋናው መንገድ ላይ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ከ165 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የአውስትራሊያ ትንንሽ ከተሞች ታሪካቸውን በቤተ መዘክርና በመታሰቢያ ድንጋይ በትጋት ስለሚጠብቁ እጅግ አደንቃቸዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ይህን ያህል መዝገብ የሚወድ አገር የአዳኞቹን ስም አደባባይ ለማውጣት ይህን ያህል መዘግየቱ ያሳዝነኛል።

አገር ቤትን የማስበው በዚህ መሐል ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ድሬዳዋን አጥለቅልቆ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ያን ሌሊት ማን የማንን ልጅ ከውኃ እንዳወጣ የሚያውቁት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ እነርሱ ካለፉ የሚጠየቅ አይኖርም። እኛ ዘንድ የአካባቢ ታሪክ የለም የሚሉትን አልስማማቸውም፤ የእድር መዝገብ ብቻ እንኳ ማን መቼ እንደሞተና ማን እንደቀበረው ይናገራል፤ ችግሩ መዝገቡ ጸሐፊው ቤት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ በዝናብና በምስጥ ማለቁ ነው። የሰፈር ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ደብተር አስይዘው ወደ ደቻቱ ዳር ሽማግሌዎችና ወደ እድር ዳኞች ቢልኩ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ የሟቾቹ ብቻ ሳይሆን የአዳኞቹም ስም፣ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ሊጻፍ ይገባል።