ለጋሹን እናመስግን፣ የስጦታውንም ውል እናንብብ

የአዳማ ወገኖቼ፣ በሰፈራችን ትምህርት ቤት የአጥር ምረቃ ላይ እኔም ከእናንተ ጋር አጨብጭቤያለሁና ተግሣጹ ከራሴ ይጀምር። አጥሩን ያሠሩት ሰው በሬ ከማድለብ ተነሥተው የባንክ ባለአክሲዮን ለመሆን የበቁ ናቸው፤ ስማቸው በእብነ በረድ ላይ በወርቅማ ቀለም ተጽፎ አየን። አንዲት እናት ከኋላ ተነሥተው በመንገዱ በኩል ያለው ቦታ ለሱቅ ይሰጥ እንደሆነ ቢጠይቁ ግን «ወጪት ሰባሪ» ብለን አስቀመጥናቸው።

የቴክሳሱን የጆርጅ ሊትልፊልድን ነገር ልብ በሉ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነትን ለማቆየት ከተሰለፈው ከደቡቡ ጦር ጋር ተዋግቶ ቆስሎ ተመለሰ። እርሻው ሲከስርበት እ.ኤ.አ. በ1871 መንጋ አሰባስቦ እስከ ካንሳስ ነድቶ ሸጠ፤ በከብት ከበረና በ1890 በኦስቲን ከተማ ባንክ አቋቋመ። በባንኩ የነሐስ በሮች ላይ የከብት እርባታውን ሥዕል አስቀርጾ ነበር፤ መነሻውን አለመደበቁን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም እወድለታለሁ።

ለቴክሳስ ዩኒቨርሲቲም እጁ የተፈታ ነበር። ነገር ግን በ1914 የሰጠው 25,000 ዶላር፣ የመማሪያ መጻሕፍት ለሰሜኑ ያደላሉ ብሎ ስላመነ፣ የደቡቡ ታሪክ በሚወደው መልኩ እንዲጻፍ የታሰበ ነበር፤ በ1920 ሲሞትም የደቡቡ መሪዎች ሐውልት የሚቆምበት መታሰቢያ እንዲሠራ ገንዘብ ተወ። ዩኒቨርሲቲው ተቀበለ፣ ሐውልቶቹም በ1933 ቆሙ። በጦርነቱ ጊዜ የደቡቡ ፕሬዚዳንት የነበረው የጄፈርሰን ዴቪስ ሐውልት ከቦታው የተነሣው ከ82 ዓመት በኋላ በ2015፣ የቀሩት ደግሞ በ2017 በሌሊት ነው። በ1914ቱ ገንዘብ የተሰበሰቡት የታሪክ ሰነዶች ዛሬ የባርነትን ግፍ ለሚያጠኑ ሰዎች መጥቀማቸው ሰጪው ያላሰበው ነገር ሆነ።

የእኛን ለጋሽ ከእርሱ ጋር አላነጻጽርም፤ ክፉ ነገርም አላየሁባቸውም። የምወቅሰው እኛን ነው፦ አጥር ለልጆቻችን ሲሠራ ምን እንደተፈረመ ሳናውቅ እጃችንን ለጭብጨባ ያነሣነውን፣ ጠያቂዋንም ያሳፈርነውን። በሚመጣው የወላጆች ስብሰባ የስጦታው ደብዳቤ ከመጀመሪያው መስመር እስከ ማኅተሙ ድረስ በጉባኤው ፊት እንዲነበብ እጠይቃለሁ፤ ያቺን እናትም ከፊት ወንበር ላይ እንድታስቀምጡልኝ እለምናችኋለሁ።