ምን አረረ?

ባለፈው እሁድ ሽሮ ሜዳ ክርስትና ተጠርተን ሄድን። መኪናዬ ቪትዝ ናት። እስከ ስድስት ኪሎ ደህና ነበረች። ከዚያ በኋላ ግን ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር ማቃሰት ጀመረች። «ዳገቱ ነው» አልኳት ለባለቤቴ። እንጦጦ ግርጌ ሰው ራሱ ያቃስታል፣ የመኪና ምን ይገርማል?

ድንኳኑ አጠገብ አቆምኩና እጅ ፍሬን ልስብ እጄን ብሰድ፣ ተስቦ አገኘሁት። ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ሦስት ጥርስ ያህል። ከቤት ጀምሮ! ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በርቶ ኖሯል። እኔ መኪና ላይ ግን መብራት ያልበራበት ቀን ስለሌለ ማየት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። የቀረውን ጥርስ ቀስ ብዬ ሳብኩና ምንም እንዳላየ ሰው ወረድኩ።

ሽታው ግን ቀድሞኝ ድንኳን ገባ።

«ምን አረረ?» አለች አክስቴ። መጀመሪያ የተከሰሰችው ወጥ ሠሪዋ ናት። ድስት ሁሉ ተከፈተ። ሴትዮዋ ማማሰያዋን እንደያዘች ወጣች። «የእኔ ወጥ አያርም!» አለችና አየሩን ሁለቴ አሸተተች። «ይሄ የምግብ አይደለም። ከውጭ ነው የመጣው።» የዚያን ቀን ከተደረጉት ምርመራዎች አንደኛው ይሄ ነበር።

ወንዶቹ ጠላቸውን እንደያዙ ወጡ። ኮፈን ተከፈተ። ኮፈን ሲከፈት አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ወንድ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ታክሲ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ «ፍሪሲዮኑ ነው፣ ሸራው አልቋል» አለ፣ ወደ ውስጥ እንኳን ሳያይ። ቪትዟ አውቶማቲክ ናት፣ የፍሪሲዮን ፔዳል የላትም ስለው፣ «እሱም ይሆናል» አለኝ። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ዘይት ነው ብሎ ድርቅ አለ። ከላይ ከሞተሩ ክዳን ማሸጊያ፣ ከጓርኒሲዮኑ፣ እየሾለከ የጋለው የጭስ ማውጫ ማርሚታ ላይ ሲንጠባጠብ እንደዚህ ይሸታል አለ። አልተሳሳተም፣ ይሸታል። አምና የእሱ መኪና በዚህ ታማ ነበርና የሰው መኪና ሁሉ በዚያው የታመመች ይመስለዋል። መለኪያውን አወጣ፣ ዘይቱ ሙሉ ነው። ቅር ብሎት መለሰው።

ሌላው «ፌስታል ማርሚታው ላይ ተጣብቆ ነው» ብሎ በነጭ የሀገር ልብሱ ተንበረከከ። ፌስታል አላገኘም። ልብሱን ግን አክስቴ አገኘችው።

ከአሜሪካ የመጣው ዘመዳችን እስካሁን ዝም ብሎ ነበር። «ሽታው ጣፋጭ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ዞሮ አየው። ለካ የራዲያተር ፈሳሽ ሲያፈስ እንደ ስኳር ይሸታል። ሰውየው ልክ ነው፣ ግን የእኔ ራዲያተር የሚጠጣው የቧንቧ ውሃ ነው።

«ሽጣትና ገላግለን!» አለ አንዱ። «አብደሃል?» አለ ሌላው። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ አሮጌ ቪትዝ እንደ ቅርስ ነው የምትታየው። ክርክሩ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞረ፣ ከዚያ ወደ መብራት መጥፋት ዞረ። ቪትዟ ተረሳች፤ እየሸተተች።

በዚህ መሀል አንድ ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። ዘመናቸውን ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ኮፈኑን ዞር ብለውም አላዩትም። መኪናዋን እየዞሩ ከየጎማው አጠገብ መዳፋቸውን ሳይነኩ ዘረጉ፣ እሳት እንደሚሞቅ ሰው። ከፊት ሁለቱ ጋ ምንም አላሉም። ከኋላው ሲደርሱ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«የፍሬን ሸራ ነው» አሉ። «ዓባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ፍሬን ረግጦ የወረደ ሰው ይህንን ሽታ አይረሳውም። በከባድ ማርሽ ነው የሚወረደው።»

አንድ ልጅ ውሃ በጆግ ይዞ እየሮጠ መጣ። «እንዳታፈስባት!» ብለው ጮኹበት። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰ ሊጣመም፣ ሊሰነጠቅም ይችላል።

ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ። እኔ ወደ እንጦጦ አየሁ። ሽሮ ሜዳ እኮ ዳገት ነው፤ ዳገት ሲወጣ ፍሬን የሚረግጥ የለም። ከኋላ ሁለቱን ብቻ የሚይዘው ደግሞ እጅ ፍሬን ነው። እሳቸው ይህን ያውቃሉ። እኔም ማወቃቸውን አወቅኩ። ትከሻዬን ያዝ አድርገው በጆሮዬ፣ «እጅ ፍሬኑን አውርድ፣ ፓርኪንግ ላይ አድርገህ ከጎማው ሥር ድንጋይ ጣልባት። እንደጋለ አይታሰርም» አሉኝ። ለሕዝቡ ደግሞ ጮክ ብለው «አሮጌ መኪና ነው፣ ያጋጥማል። ገብተን እንብላ!» አሉ።

እንዲህ ዓይነት ሰው አሁን የት ይገኛል?

ሰኞ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ታምቡሩን ሲያወልቀው ሸራው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ብርጭቆ ወረቀት ሞክሮበት ነበር፣ ጫፉ ስለተሰነጠቀ አይሆንም አለ። አዲስ ሸራ ተገዛ።

«እጅ ፍሬን ሳይወርድ ተነድቶ ነው አይደል?» አለኝ እጁን እየጠራረገ።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። ጋሼ የሉ፣ ዘመድ የለ፣ ከአንድ መካኒክ ጋር ብቻዬን ነኝ።

«ባለቤቴ ናት የነዳችው» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ፣ በሐዘኔታ። ማታ ሥራውን ጨርሶ መኪናዋን እስከ ቤት ድረስ አመጣልኝ። በር የከፈተችው ባለቤቴ ናት። ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጣትና በትሕትና፣ «እትዬ፣ ከእንግዲህ እጅ ፍሬን ማውረድ እንዳይረሱ» አላት።

ባለቤቴ መንጃ ፈቃድ የላትም።