«ምን ይባላል?» ከማለታችን በፊት

ባለፈው እሁድ እንግዶች ነበሩን። ምሳ ሊቀርብ ሲል የአምስት ዓመቷ ልጄ «ማስታጠቢያውን እኔ ካልያዝኩ» ብላ ድርቅ አለች። ማንቆርቆሪያው በሁለት እጇም ይከብዳታል። ውሃውን ቀነስኩላት፣ ሳፋውን ታላቅ ወንድሟ ያዘላት፣ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣልኩላት። ከአያቷ ጀመረች። አያቷ ታጥበው ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩዋትና «እደጊ ልጄ፣ ተመንደጊ!» አሏት። አጠገባቸው የነበረችው አክስቷ «ተባረኪ የኔ እመቤት» አለቻት። ስድስት ሰው አስታጥባ ስድስት ጊዜ ተመረቀች። ግማሹ ውሃ ምንጣፉ ላይ ፈሷል። እሷ ግን ፊቷ በርቶ «ሌላስ ማን ቀረ?» እያለች ትዞራለች።

ማታ እራቷን ሳቀርብላት ማንም ሳያስታውሳት «እማ፣ እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። ለምኜም ተቆጥቼም አልመጣልኝ ያለ ነገር ነበር። ቀን ላይ ስድስት ሰው የመረቃት ልጅ፣ ምስጋና ሲደርሳት ምን እንደሚመስል ቀምሳዋለች። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ነገር አጥብቄ አምናለሁ። ልጅ ማመስገንን የሚማረው ራሱ ሲመሰገን ነው። ለመመሰገን ደግሞ የሚሠራው ነገር ሊሰጠው ይገባል።

እኛ የለመድነው ሌላ ነው። ሰው ከረሜላ ሲሰጣቸው «ምን ይባላል?» እንላለን። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «አመሰግናለሁ» ይላል፣ ከረሜላውን ይልጣል፣ አለቀ። ቃሉን መልመዱ ጥሩ ነው፤ አልቃወምም። ግን ከልብ ለማመስገን ያ ሰው ለእኔ ብሎ እንዳሰበ፣ እንደደከመ መረዳት ያስፈልጋል። ልጆች የሌላው ሰው ሐሳብ ከእነሱ የተለየ መሆኑን በደንብ መረዳት የሚጀምሩት ወደ 4 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ የሁለት ዓመት ልጅ ቃሉን ቢረሳ አትቆጡት። ከዚያ በኋላ ግን ድካሙን ማሳየት የእኛ ሥራ ነው።

ድካሙ ያለው ኩሽና ውስጥ ነው። ልጆችን ግን «ውጡ፣ ትቃጠላላችሁ» ብለን የምናባርራቸው ከዚያው ነው። እሳቱ አጠገብ አይድረሱ፣ ልክ ነው። ምስር መልቀም ግን ማንንም አያቃጥልም። ትሪ ላይ ዘርግፌ እሰጣቸዋለሁ። ጠጠር ያገኘ «አገኘሁ!» ብሎ ይጮኻል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስልክም ቲቪም ትዝ አይላቸውም። ወጡ ሲቀርብ አባታቸው «ዛሬ ጥርሴ ጠጠር አልነካውም፣ ምስሩን ማን ለቀመው?» ይላል። የሚመጣውን ጩኸት መገመት ትችላላችሁ።

እንጀራም እንደዚያው። አንድ ቀን ልጄን «እንጀራ ከየት ይመጣል?» ብዬ ጠየቅኳት። «ከሱቅ» አለችኝ። አልፈርድባትም፤ እኛ ቤትም አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛ ነው። በዚያው ሰሞን ትንሽ ሊጥ አቦካን። እሷ እየተነሳች ክዳኑን ከፍታ ታያለች። አረፋውን፣ ከላይ የሚያቅረውን ውሃ፣ ሽታውን ሁሉ። «ዛሬ ይጋገራል?» «ገና ነው።» ሁለት ቀን አለፈ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ አብሲት ተጣለ። ምጣዱ ሲሰማ ከሁሉም አስቀድሞ የሷ እንጎቻ ተጋገረ። ያቺ መዳፍ የምታክል እንጎቻ ሦስት ቀን ተጠብቃ ነው የመጣች። ግማሿን ቆርሳ ለጎረቤታችን ለእማማ ይዛላቸው ሄደች። እማማ ደግሞ መርቀው መርቀው አልጠግብ አሉ።

ቅዳሜና እሁድ ቡና ሲፈላ የምንጫወተው ጨዋታ አለን። ልጆቹ ቡና አይጠጡም፣ ፈንዲሻው ግን የእነሱ ነው። አቦል ሲቀዳ እያንዳንዱ አንዲት ፈንዲሻ ያነሳና በሳምንቱ ደስ ያሰኘውን ነገር ይናገራል። ቶና ላይ የረዳውን ሰው ይጠራል። በረካ ላይ እሱ ራሱ ማንን እንደረዳ ይናገራል። ልጄ አንድ ጊዜ «የሳመኝን ድመት» ብላ አመሰገነች፤ ተቀበልናት። እ.ኤ.አ. በ2003 ሮበርት ኤመንስ እና ማይክል መካሎ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። በአንደኛው ሙከራቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሳምንት አንዴ፣ ለ10 ሳምንት፣ እስከ አምስት የሚያመሰግኑባቸውን ነገሮች እንዲጽፉ አደረጉ። እነዚህ ተማሪዎች፣ የሚያማርራቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው። ጥናቱ በትልልቆች ላይ የተሠራ ነው። እኔን የሳበኝ በሳምንት አንዴ መሆኑ ነው። የእኛ ሰው ለዚህ የሚሆን ረከቦት አስቀድሞ ዘርግቷል።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ብዙዎቻችን ቤት የምታግዘን ሴት አለች። ልጆቻችን «ጫማዬን አምጪ»፣ «ውሃ ስጪኝ» ይሏታል። ለእንግዳ «አመሰግናለሁ» የሚል ልጅ ለሷ አይልም። ይህን ከየት አመጣው? ከእኛ ነው። እኔም ሰሃኑን ስትሰጠኝ ዝም ብዬ የተቀበልኩበትን ቀን ብቆጥር አይዘለቅም። ልጅ ማን መመስገን እንዳለበት፣ ማን ዝም ቢባል እንደማያስነውር፣ በአራት ዓመቱ ከአፋችን ለቅሞ ጨርሷል። የልጆቻችን ምስጋና የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

በቤታችን ይህን ያነሳነው መብራት በጠፋ ማታ፣ በእንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልሽ!» አልኩ። «ምን አውቅልሽ!» አሉ። «ከሁላችን ቀድማ ትነሳለች፣ ከሁላችን ኋላ ትተኛለች፤ ምንድን ናት?» ልጁ «ፀሐይ!» አለ። አይደለችም። ልጅቷ «ጨረቃ!» አለች። አይደለችም። አገር ስጡኝ አልኩ፤ ጎንደርን ሰጡኝ። ጎንደር ገብቼ፣ በልቼ ጠጥቼ፣ መልሱን ስነግራቸው ሁለቱም ሻማው አጠገብ ወደ ተቀመጠችው፣ ቤት ወደምታግዘን እህታችን ዞሩ። እሷ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። በማግስቱ ጠዋት ልጄ ሻዩን ስትቀበል ስሟን ጠርታ «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት። እኔም ተከትዬ አልኩ።

ውጭ ያሉ ዘመዶቻችንንም አንርሳ። አሜሪካ ያለው አጎት ጫማ ይልካል፣ እኛ ቤተሰቦቹ ደውለን እናመሰግናለን፣ ልጁ ጫማውን ይዞ ይሮጣል። ስልኩን ለእሱ ስጡትና በድምፅ መልእክት ይላክለት። ምን እንደሚል አታስጠኑት። ልጄ «ጋሼ፣ ጫማው ሲሮጡበት ይበራል!» ብሎ ሮጦ እየተነፈሰ ላከ። አጎቱ ሥራ ላይ ሆኖ ደጋግሞ እንደሰማው ነግሮኛል።

እንቁጣጣሽም ለዚህ የተፈጠረች ናት። ልጆች ለመስከረም 1 አበባና ፀሐይ ስለው ቤት ለቤት ያዞራሉ፤ የሚሰጣቸውን ሳንቲም ይጠብቃሉ። ያም ይቆይ፣ ደስ ይላል። አንዷን ሥዕል ግን ምንም ለማይሰጣቸው ሰው ይሳሉ። ለግቢው ጥበቃ፣ ለትምህርት ቤት መኪናው ሹፌር፣ ቆሻሻ ለምትወስደው ሴት። ማንን እንደሚመርጡ ራሳቸው ይወስኑ፤ እዚያ ላይ አትግቡ።

አንድ ነገር ግን ይቅርብን። «ስንቱ የሚበላው አጥቶ!» እያልን ማስበላት። ይህን እየሰማን ያደግን ሁላችን እናውቀዋለን፤ ምግቡን የሚያስውጠው ሐፍረት ነው። «ካመሰገንሽ ብር እሰጥሻለሁ» ማለትም ያው ነው፤ ልጅቷ ብሩን ትቆጥራለች።

ዛሬ ማታ ሰው ከመጣባችሁ ማስታጠቢያውን ለልጃችሁ ስጡ። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ ማንቆርቆሪያውን አትሙሉት። ከሥር ደረቅ ጨርቅ አንጥፉ። ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣሉላትና፣ ከትልቁ ሰው እንድትጀምር ንገሯት።