የስዊድን የጦርነት መመሪያና የእናቴ በሶ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2024፣ ስቶክሆልም። ከሥራ ስመለስ የፖስታ ሳጥኔ ውስጥ፣ ከመብራት ሒሳብና ከፒዛ ማስታወቂያ መሃል፣ አንድ ቀጭን መጽሔት አገኘሁ። «ቀውስ ወይም ጦርነት ቢመጣ» ይላል ርዕሱ። የላከው መንግሥት ነው፤ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ለሆኑ ቤቶች። ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት። በቀን ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ውሃ፣ የሳምንት ምግብ፣ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ፣ ትንሽ ጥሬ ገንዘብ። ስለ ኒውክሌርም አለበት፦ ተጠለሉ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ጨረሩ በጣም ይቀንሳል። በቃ። የአውቶቡስ ሰዓት ተቀይሯል የሚሉህ ነው የሚመስለው።

በዚያው ሰሞን ሩሲያ ኦሬሽኒክ የተባለውን አዲስ ሚሳኤል የዩክሬኗ ድኒፕሮ ላይ ተኮሰች። እናቴ ደወለች።

«አውሮፓ ሊነድ ነው ይላሉ። አንተ ልጅ፣ ለምን አትመጣም?»

ያኔ ልጄን ከዚህ ሀገር አውጣልኝ ብላ የተሳለችው እሷው ናት! ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«እቤት ምን አለህ?»

«ፓስታ አለ።»

«መብራት ቢጠፋ በምን ልትቀቅለው? ሰው ሲመጣ በሶ እልክልሃለሁ።»

የስዊድን መንግሥት ባለሙያ ቀጥሮ የጻፈውን እናቴ በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው።

እዚህ ሀገር ወደ 64 ሺህ የሚጠጉ መጠለያዎች አሉ፣ ሰባት ሚሊዮን ሰው ይይዛሉ ይባላል። ብርቱካናማ ሰሌዳ ላይ ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ካየህ መጠለያ ነው። የእኛም ሕንፃ ምድር ቤት አንድ አለ። ወርጄ አየሁት። በሩ የባንክ ካዝና ያህል ወፍራም ነው፤ ውስጡ ግን ብስክሌት፣ የሕፃን ጋሪ፣ የአንድ ሰው አሮጌ ሶፋ። ደንቡ በ48 ሰዓት ውስጥ ተጠርጎ ዝግጁ ይሁን ይላል። ቦምቡ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ቀጠሮ ያስይዛል ማለት ነው እንግዲህ።

በዓመት አራቴ፣ በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር የመጀመሪያ ሰኞ፣ ልክ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳይረን ይሞክራሉ። ጎርናናው ፍሬድሪክ ይሉታል። ስዊድኖቹ ሰዓታቸውን አየት ያደርጋሉ፣ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። እኔ ግን ስንት ዓመት ኖሬም ትከሻዬ ይሸማቀቃል። በ1983 ግንቦት መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ልጅ ነበርኩ። ማንም ሳይረን አልነፋልንም። እናቴ አልጋ ሥር ጎትታ አስገባችንና ነጠላዋን አልብሳን አብራን ተኛች። የእኛ መጠለያ ያ ነበር። የሚያስቀናኝ የካዝናው በር አይደለም፤ መንግሥት «ይህ ሊመጣ ይችላል፣ እንዲህ አድርጉ» ብሎ በወረቀት መናገሩ፣ ሕዝቡም ማመኑ ነው። እኛ ጋ ክፉ ነገር የሚሰማው በወሬ ነው፤ ማስተባበያ ሲሰጥበት ደግሞ ይብስ እናምነዋለን።

ወደ አገሮች ወዳጅነት ጉዳይ ስንመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ስዊድን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የማንም የጦር ጎራ አባል ሳትሆን ኖራ፣ የዩክሬን ጦርነት ሲመጣ ደንግጣ አመለከተች፣ ማርች 7 ቀን 2024 ኔቶ ገባች። የዚያን ቀን ምሳ ላይ አንዱ ባልደረባዬ «እንግዲህ ገባን» አለ፤ ሌሎቹ ቡናቸውን ጠጡ። አለቀ። አዲስ አበባ ቢሆን አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ከሜክሲኮ እስከ ሳሪስ ይጨቃጨቅበት ነበር። ለእረፍት ስሄድ የሰማሁት እንደዚያ ነው፤ ረዳቱ ሳይቀር ከእነ ሩሲያና ቻይና ማኅበር፣ ብሪክስ ገብተናል፣ ዶላር አለቀለት ይላል፤ ኋላ ወንበር ያለችው ሴትዮ ታዲያ ዘይት ለምን አልረከሰም ትለዋለች። ኃያላንን እንደ አርሰናልና ማንቼ ነው የምንደግፋቸው። በ2014 ሚያዝያ እኮ ሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ ለውጊያ እንመዝገብ ብለው የተሰለፉ ወጣቶች ነበሩ፤ ኤምባሲው ወታደር አልመለምልም ብሎ እስኪያስተባብል ድረስ።

ወዳጅ እንዴት እንደሚለዋወጥ ግን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? አሜሪካ የጃንሆይ ወዳጅ ነበረች፣ ሶቪየት የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ። በ1969 ሚያዝያ ደርግ አሥመራ የነበረውን የአሜሪካኖቹን የጦር ሰፈር፣ የቃኘው ጣቢያን ዘጋ። በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ዚያድ ባሬ ሶቪየቶችን አባረረ፤ ሶቪየቶቹም ለእኛ መሣሪያ አወረዱልን። ያው የኦጋዴን ጦርነት፣ ያው በረሃ፣ አቅራቢው ብቻ ተቀየረ።

ይህን ለአንድ ሸምገል ያለ ስዊድናዊ ባልደረባዬ ነገርኩት። እሱ የኔቶ አንቀጽ 5 አለን ይላል፤ አንዱ ሲነካ ሁሉም እንደተነካ ይቆጠራል የሚለው። እኛም ከተባበሩት መንግሥታት በፊት የነበረው የመንግሥታት ማኅበር ነበረን አልኩት። ጣሊያን የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ስታዘንብብን አባል ነበርን። በ1928 ታኅሣሥ ዶሎ አካባቢ፣ መልካ ዲዳ ላይ በቦምብ የተመታው ደግሞ የእናንተው የስዊድን ቀይ መስቀል ሐኪም ቤት ነው ስለው ሹካውን አስቀመጠ። አያውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ አንቀጽ 5ን አላነሳብኝም፤ እኔም ትንሽ ጸጸተኝ፣ ሰውየው እኮ መጽናኛ ነበር የፈለገው።

በሶው በወሩ መጣ፤ ሁለት ኪሎ፣ በፌስታል ሦስት ጊዜ የተጠቀለለ። ምድር ቤት ላስቀምጠው ስወርድ ስምንት ዓመት ፊት ለፊቴ የኖረችው ጎረቤቴ የውሃ ጀሪካኖች እየደረደረች አገኘኋት። ስሟን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ምንድን ነው አለችኝ። የተቆላ ገብስ ዱቄት፣ እሳት አይፈልግም፣ በውሃ ታሸዋለህ፣ ወታደርና ነጋዴ ስንቅ አድርጎት የሚሄድ ነው አልኳት። ቆንጠር አድርጋ ቀመሰች። መጽሔቱን ከኮት ኪሷ አወጣች፣ ገለጠችና፣

«ጊዜው የሚያልፈው መቼ ነው?» አለችኝ።

ፌስታሉን አገላብጬ አየሁ። እናቴ በእስክሪብቶ የጻፈችው የእኔን ስም ብቻ ነው።