ገጽታችንን ያበላሸው ካሜራው ነውን?

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር በተከፈተ አንድ የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ላይ፣ ተፈናቃዮችን የሚያሳዩት ፎቶግራፎች «የከተማዋን ገጽታ ያበላሻሉ» ተብለው በመክፈቻው ዋዜማ እንዲወርዱና ቦታቸው በፋሲል ግንብና በጥምቀት ፎቶግራፎች እንዲሸፈን ተደርጓል። ከአዘጋጆቹ አንዱም ለውሳኔው ሲሟገቱ፣ መከራን የሚያነሡ ባለሙያዎች «በሰው ችግር የሚያተርፉ» ናቸው ብለዋል።

እስኪ ከዚሁ ትርፍ እንነሣ። የሰባ ሰባትን ረኀብ ለዓለም ያሳየው የናይሮቢ ተወላጁ የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን፣ በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ሞተበት። በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራውን ይዞ ወደ ሥራው ተመለሰና በ1989 ዓ.ም. ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። ይህን ትርፍ የሚመኝ ካለ ይውሰደው።

የገጽታው ክርክር ደግሞ አዲስ አይደለም። የንጉሡ መንግሥት የሸሸገውን የወሎ ረኀብ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. በፊልም ሲያጋልጠው፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር አቀላቅሎ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ በቴሌቪዥን አሳየው። ያን ጊዜ ካሜራ የሕዝብ ምስክር ነበር። ይኸው ደርግ ግን በመስከረም 1977 ዓ.ም. ዐሥረኛ ዓመቱን በድምቀት ሲያከብር፣ በሰሜን የሚረግፈው ወገን በዓሉን እንዳያደበዝዝበት ሸሸገው፤ አሚንና ጋዜጠኛው ማይክል በርክ ከኮረም ያመጡት ዘገባ በቢቢሲ የተላለፈው ጥቅምት 13 ቀን፣ ከበዓሉ ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነበር። ገጽታ ሲጠበቅ በከረመባቸው በእነዚያ ሳምንታት ኮረም ላይ የተቀበረውን ማን ይጠየቅበታል? ረኀቡን ያመጣው ካሜራ አልነበረም፤ እህሉን ያስመጣው ግን እርሱ ነው፤ ይህን የሚክድ ሰው ወይ ዘመኑን አያውቅም፣ ወይ ማወቅ አይፈልግም።

የሚነሣውን ሰው ማስፈቀድና ስሙን መጻፍ ተገቢ መሆኑን፣ ይህን የማያደርጉም መኖራቸውን አልክድም። ይሁን እንጂ ፎቶግራፎቹ የወረዱት ከተነሡት ሰዎች አንዱ ቅር ተሰኝቶ አይደለም፤ ቅር ይሰኛሉ የተባሉት ቱሪስቶች ናቸው፣ እነርሱም ገና አልመጡም።

ዐውደ ርእዩ አልተዘጋም፤ ፎቶግራፎቹም ቢወርዱ እንጂ አልተቃጠሉም። አዘጋጆቹ ከፈለጉ ነገ ጧት መልሰው ሊሰቅሏቸው ይችላሉ።