ሃያ ሦስቱ መሥራቾች

ባለፈው እሁድ የከተማችን የታሪክ ማኅበር ዘንድሮ ለዘጠነኛ ጊዜ ተሰብስቦ ያለ ውሳኔ ተበተነ። ቦታው አዳማ ነው፤ ፍራንኮ አካባቢ፣ አንዲት የጀበና ቡና በረንዳ ላይ። ምልዓተ ጉባኤ እንዲሟላ አሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እኛ አሥራ አንድ ነበርን። አሥራ ሁለተኛው መንገድ ማዶ ባጃጅ ተደግፎ ያየናል። እጃችንን አውለበለብንለት። እሱም አውለበለበልን። አልመጣም። ከመጣ የማርፈድ ቅጣት ሃምሳ ብር አለበት። ጭራሽ ከቀረ ግን ቅጣቱ ሠላሳ ብር ነው። ይህን አንቀጽ ያረቀቀው አባላችን የሒሳብ መምህር ነው።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ሰባት ነበርን። (ከሰባቱ አንዱ እኔ ነኝ። ይህቺን ያዙልኝ።) እዚሁ በረንዳ ላይ ቡና ልንጠጣ ስንመጣ፣ ማዶ የነበረው አሮጌ ቤት በአንድ ሌሊት ፈርሶ በቆርቆሮ ታጥሮ ጠበቀን። ደነገጥን። የማን ቤት እንደነበር ስንጠያየቅ ግን ሰባት ዓይነት መልስ ወጣ። አንዱ የግሪክ ነጋዴ ነው አለ። ሌላው የለም፣ የየመን ሱቅ ነበር አለ። ሦስተኛው አክስቴ ተከራይታበት ነበር ብሎ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«ይቺ ከተማ እኮ ታሪኳን የሚጽፍላት አጣች» የተባለው ያን ጊዜ ነው። ታሪክስ ሞልቷታል። ከጅቡቲ ተነሥቶ 784 ኪሎ ሜትር የተጓዘው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በእሷ አልፎ ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ስኳር ያመርት የነበረው የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ መጥቶ በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት የጀመረው እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። የቆቃ ግድብ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። በባቡሩ፣ በስኳሩና በግድቡ ዙሪያ የሠራ፣ የነገደ፣ ያገባ፣ የተፋታ ሽማግሌ ዛሬም በየበረንዳው ተቀምጧል። ሄዶ መጠየቅ ብቻ ነበር።

እኛ ግን መጀመሪያ ደንብ ይኑረን አልን።

ደንብ ከየት ይመጣል? ከእድር። ከመካከላችን አንዱ የሰፈሩ እድር ዳኛ ናቸው። የእድራቸውን መተዳደሪያ ደንብ በፍላሽ ይዘው መጡ። ወስደን ለኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሰጠነው። ልጅቷ ኮምፒውተሩ ላይ «እድር» የሚለውን ቃል ሁሉ በአንድ ጊዜ «የታሪክ ማኅበር» ብላ ቀየረችው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሠላሳ አራት አንቀጽ ያለው ደንብ ባለቤት ሆንን። ስናነበው አንቀጽ 14 «የታሪክ ማኅበሩ የአባሉ የቅርብ ዘመድ ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ወንበርና ብረት ድስት ያቀርባል» ይላል። ይውጣ ሲባል አንድ ሰው ተነሥቶ ተቃወመ።

«ለምን ይወጣል? ያ የፈረሰው ቤት የሁላችን ዘመድ አልነበረም?»

አንቀጽ 14 እስከ ዛሬ ረቂቁ ውስጥ አለ። ድንኳኑ ግን የለንም።

ጠበቃ አባልም አለን። ጠበቃ ያለበት ስብሰባ መቼ እንደሚያልቅ ታውቁታላችሁ። የቆቃ ግድብ በተመረቀበት በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ይዞ መጣና አንቀጽ 404ን አነበበልን። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ትርፍ ለመካፈል ላልሆነ ዓላማ ከተሰባሰቡ ማኅበር ነው። ሁለት ሰው ይበቃል! ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሊቅነታቸውን አልክድም፤ ግን ሁለት የእኛ አባላት በአንድ ሐሳብ ሲስማሙ አይተው አያውቁም። ቀጥሎ ጠበቃው ወደ አዲሱ ሕግ ዘለቀ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ አይበልጥም ይላል። ሁላችንም ወደ ገንዘብ ያዟ ዞርን። ገንዘብ ያዟ ወደ ቡናዋ ዞረች። ያለንን ብር በሙሉ ለቡና፣ ለውሃና ለፎቶ ኮፒ አውጥተነዋል። በዚህ ላይ ማኅተም አለ።

ማኅተሙ የራሱ ጣጣ ነው። ማኅተም ስም ይፈልጋል፤ ስም ደግሞ አንቀጽ 1 ነው። አንቀጽ 1 ላይ አራት እሁድ ሄደ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከተማዋን በመጽሐፍ ቅዱሷ ናዝሬት ስም ሰይመዋት ነበር። በ1992 ዓ.ም. ስሟ በይፋ አዳማ ተብሎ ተመለሰ። ይህ ያለቀ ጉዳይ ነው። ታዲያ የታሪክ ማኅበር ያለቀ ጉዳይ ካልከፈተ ምን ሥራ አለው? ግማሹ «የቀድሞው ስም ራሱ ታሪክ ነው» አለ። ግማሹ «የቀድሞው የትኛው ነው? ከቀድሞው በፊትም እኮ አዳማ ነበረች» አለ። በመጨረሻ ሁሉም ይግባ ተባለና ረጅም ስም ጽፈን ለማኅተም ቀራጩ ወሰድንለት። ወረቀቱን አየ። እኛን አየ። ክብ ሥሎ ፊደሎቹን ቆጠረ።

«ጋሼ፣ ይሄ በማኅተም አይሆንም» አለ። «ታፔላ ላሠራላችሁ?»

ወደ አባልነት እንምጣ። አንቀጽ 5 «አባል ለመሆን የከተማዋ ተወላጅ መሆን ያስፈልጋል» ይል ነበር። ሲነበብ በጭብጨባ ነው ያለፈው። ከጭብጨባው በኋላ ሰብሳቢያችን አሰላ እንደተወለዱ ትዝ አላቸው። ገንዘብ ያዟ መተሐራ ናት። ጸሐፊው ዝም አለ፤ ዝም ያለበትን ምክንያት ሁሉም አወቀ። የከፋው ደግሞ ባቡር ላይ የተወለደው አባላችን ነው። እናቱ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ምጥ ሞጆንና አዳማን ሳይለይ ያዛቸው። ልጁ መንገድ ላይ ተወለደ። አንዳንዱ የሞጆ ነው አለ፤ አንዳንዱ የአዳማ። እሱ ራሱ ክርክሩን ዘጋው፦

«የእናቴ ቲኬት ናዝሬት ይላል። ሰው የሚቆጠረው በመድረሻው ነው።»

ተቀበልነው። ሁላችንም የመጣነው በቲኬት ነዋ።

እንዲህ በሩ ሲከፈት አባል ጎረፈ። ደንቡ መደበኛ አባል፣ ተባባሪ አባልና የክብር አባል የሚል ዝርዝር አለው። ተባባሪ ሁን ቢሉት እሺ የሚል ሰው ግን አልተገኘም። ሁሉም መሥራች ነኝ ባይ ነው። አንዱ «ያን ቀን በረንዳው ላይ ነበርኩ፤ ሽንት ቤት ገብቼ ነው ያላያችሁኝ» አለ። ሌላዋ «ቡናውን ያፈላሁት እኔ ነኝ» አለች። እሷስ እውነቷን ነው። እየተባለ እየተባለ ሰባት የነበርነው መሥራቾች ሃያ ሦስት ደረስን። ሌላ አባል የለንም። እኔ ይህን ስሰማ ሆዴ ይቃጠል ነበር። ሰው እንዴት በሌለበት ነበርኩ ይላል? ሁለት ጊዜ ተነሥቼ በቁጣ ተናግሬያለሁ። አንዴማ ጠረጴዛ መትቼ ስኒ ሰብሬ ከፍያለሁ።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔው አንድ ነው፤ የመጀመሪያውን ቃለ ጉባኤ ማውጣት። ጸሐፊው ግን የእቁብም ጸሐፊ ነው። ያን ቀን ወረቀት ስላልነበረ የእቁቡን ደብተር ገልብጦ በጀርባው ነው የጻፈው። ደብተሩ የእቁቡ ዳኛ ዘንድ ነው። ዳኛውን በደብዳቤ ጠየቅናቸው። ያለ ማኅተም ደብዳቤ አልቀበልም አሉ። በሽማግሌ ጠየቅናቸው። «እቁቡ ሳያልቅ ደብተር ከእጄ አይወጣም፤ ያወጣ የለ፣ የበላ የለ፣ ያልከፈለ የለ!» ብለው መለሱ። ልክ ናቸው። የታሪክ ሰነድ እንዲህ የሚጠብቅ ሰው የእኛ ማኅበር ቢኖረው የት በደረስን።

ከጎናችን ሁልጊዜ አንድ ጡረተኛ ይቀመጣሉ። ዕድሜያቸውን ምድር ባቡር ሠርተዋል። አባል አይደሉም። አንድ እሁድ ስለ ጣቢያው ስንከራከር አላስችል አላቸውና ገቡበት።

«ባቡሩ ሲቆም እንቁላል ሻጮቹ ሰፌዳቸውን ተሸክመው ከፉርጎ ፉርጎ ይሮጡ ነበር። የተቀቀለ እንቁላል ነው። ሚጥሚጣውን በወረቀት ቁራጭ ጠቅልለው ይጨምሩልሃል። አንዷ ነበረች፣ ባቡሩ ከተነሣ በኋላ በመስኮት ወርውራ የምትሸጥ። አንድም ቀን አልሰበረችም። ሒሳቧን በመልስ ጉዞ ነው የምትቀበለው።»

ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ሰማን። ቡናው ቀዘቀዘ። በዘጠኙ እሁድ ታሪክ የሰማነው ያኔ ብቻ ነው። ሰብሳቢያችን ግን ጠረጴዛውን አንኳኩ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ማስረጃ አለዎት?»

«እንቁላሉን ነው?»

«አዎ፣ ማለቴ፣ ለነገሩ።»

«በላሁት» አሉ።

የቅጣት ምዕራፋችን፣ ከደንቡ የጸደቀው እሱ ብቻ ነው፣ ያለ ማስረጃ ታሪክ የተናገረ መቶ ብር ይቀጣል ይላል። ጠበቃው እጁን አወጣ። ደንቡ አባል ያልሆነን ሰው መቅጣት አይችልም። ረጅም ውይይት ተደረገ። በመጨረሻ የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ «መጀመሪያ አባል እናድርጋቸው፣ ከዚያ እንቅጣቸው» የሚል ነበር። አዲስ አባል ለመቀበል ግን ምልዓተ ጉባኤ ያስፈልጋል። ያ ሰውዬ ደግሞ አሁንም ባጃጁን እንደተደገፈ ነው።

ትናንት ማታ ስብሰባም ምንም በሌለበት ቡና ልጠጣ ብቅ አልኩ። ጡረተኛው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ደስ ብሏቸዋል። እቁቡ ደርሷቸው ኖሯል! እቁብተኛ መሆናቸውን እንኳ አላውቅም ነበር። ብሩን ሲቀበሉ ደብተሩ ላይ ፈርመዋል። ሲፈርሙ ደግሞ ገልብጠው ጀርባውን አይተውታል።

«እንዴት ነው?» አልኩ። ልቤ ቀጥ አለ።

«ጽሑፉ ደህና ነው። የሰባት ሰው ስም አለበት።» ስኒያቸውን አዞሩት። «ያንተ የለም፣ የኔ ልጅ።»

ዝም አልኩ። ጀበናው ሲንተከተክ ይሰማል።

«ያን ቀን የመጣኸው ከተበተኑ በኋላ ነው። እዚህ ከኔ ጋር ነው የጠጣኸው። ነግሬህ እኮ ነው ስለ ቤቱ የሰማኸው።»

«ጋሼ…»

«አይዞህ፣ አልናገርም» አሉ። «ማስረጃው እቁብ ውስጥ ነው። ያለ ማስረጃ ማውራት ደግሞ መቶ ብር ነው አላችሁ።»

ቡናቸውን እኔ ከፈልኩ። የዛሬውንም ቀድሜ ከፍያለሁ።