ዋራቢ የሌለበት ዋራቢ ሞቺ

ጎበዝ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ውስጤ እየነደደ ነው። ለአንድ ጣፋጭ ይኼ ሁሉ ንዴት ትሉኝ ይሆናል፤ ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

የምኖረው ጃፓን፣ ኪዮቶ ነው። እናንተ ጋ ነሐሴ ጋቢ ያስለብሳል፤ እዚህ 35 ዲግሪ ማለፉ ብርቅ አይደለም። ከተማዋን በሦስት ጎን ተራራ ስለከበባት ሙቀቱ መውጫ የለውም፣ ሌሊቱም አያስተኛም። በዚያ ላይ ፍልሰታ ነው። ሰው ሁሉ አይስክሬም ይዞ ሲያልፍ እኔን ያሳረፈችኝ የሰፈራችን ጠባብ ሱቅ ናት። ዋጋሺ የሚሉት የጃፓን የጥንት ጣፋጭ አብዛኛው ወተትም ቅቤም የለበትም። ሩዝ፣ ቀይ ባቄላ፣ ስኳር፣ የሥር ዱቄት፣ በቃ። ሚዙ ዮካን የሚባለው ለስላሳ የባቄላ ጣፋጭ እንኳ የሚረጋው ከባሕር አረም በሚወጣ ካንተን ነው፤ በዚህ ሙቀት የማይቀልጠውም ለዚህ ነው። ለጾመኛ ከዚህ በላይ ምን አለ?

ነፍሴ የምትወደው ግን ዋራቢ ሞቺ የሚሉትን የሚለጠጥ ጣፋጭ ነው። ዋራቢ የዱር ተክል ነው። ሥሩ ተቆፍሮ፣ ተወቅጦ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ ይታጠብና የዘቀጠው ይደርቃል። እናቱ ቡላ ስታወጣ ያየ ሰው ልፋቱን ያውቀዋል። ከስንት ኪሎ ሥር የሚገኘው ዱቄት ጥቂት ስለሆነ ዋጋው አይቀመስም። የሱቋ እማማ ያንን ዱቄት በውሃና በስኳር በጥብጠው፣ ክንዳቸው እስኪዝል እሳት ላይ ያማስሉታል። ሲደርስ ጠቆር ይላል። ላዩ ላይ የተቆላ የአኩሪ አተር ዱቄት ይነሰነሳል፤ ሽታው የእናቴን በሶ ያመጣብኛል። አፍ ውስጥ ይለጠጥና ወዲያው ይሟሟል። ፍሪጅ ከቆየ ስለሚደድር የዕለቱ በዕለቱ መበላት አለበት።

እንግዲህ እማማ በቀን የሚሠሩት አቅማቸው የቻለውን ነው፣ 8 ሰዓት ላይ ያልቃል። እኔ ከሥራ የምወጣው 12 ሰዓት። ትናንት እየሮጥኩ ብደርስ በሩ ላይ የሚሰቀለው ጨርቅ ገብቷል። ተስፋ ቆርጬ ሱፐርማርኬት ገባሁ። «ዋራቢ ሞቺ» ይላል በትልቁ። ገዝቼ ቤት ገባሁና ጀርባውን አነበብኩት፤ የስኳር ድንች ስታርች፣ ታፒዮካ፣ ስኳር። ዋራቢ የሚል ቃል የለም! ሞቺው ራሱ እንደ መስታወት ያሳያል።

ሕግ አልተጣሰም፣ ጀርባው ላይ ጽፈውታል። የሥራ ባልደረቦቼም «ድሮም እንዲሁ ነው፣ ሁሉም ያውቃል» አሉኝ። ሁሉም አያውቅም! ባለፈው ሳምንት እማማ ሱቅ ቆሜ አንድ ወጣት ገባ፣ ቀለሙን አየና «ተበላሽቷል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁት፣ ከዚያ አስረዱት። ይቅርታ! እውነተኛውን የሠሩት እሳቸው፣ ይቅርታ የሚጠይቁትም እሳቸው! እንባዬ መጣ። ልጁ ምን ያድርግ፣ ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ስም ሌላ ነገር ነው ያበሉት።

ስኳር ድንች ነውር የለበትም። የስኳር ድንች ሞቺ ብላችሁ ሽጡት፣ እኔም እገዛዋለሁ። የሌላውን ስም ግን ለምን? እማማ ሱቁን የሚረከባቸው ልጅ የላቸውም። እሳቸው ሲያቆሙ እዚህ ሰፈር የሚቀረው ስሙ ብቻ ነው።

ጃፓን ያላችሁ ወገኖቼ፣ «ሆን ዋራቢ»፣ ማለትም እውነተኛ ዋራቢ፣ የሚል ካላያችሁ ፊቱን አትመኑ፣ ጀርባውን አንብቡ። በተለይ ጾመኞች፤ አንዳንዱ ላይ አሁን ክሬም ይጨምሩበታል፣ ከእንስሳ የሚወጣ ጄላቲን ያለበትም አጋጥሞኛል። እኔ ለዓርብ የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቄያለሁ። እማማም ሁለት አስቀምጥልሻለሁ ብለውኛል።